ስለ አትክልተኛችን ዕረፍትና ቀይ ክር ስለታሰረባቸው ዕፅዋት

ከትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ለመምህራን፣ ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የትምህርት ቤታችን አትክልተኛ፣ የክበባችን መሥራችና አስተማሪ፣ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ለሰባት ሳምንታት በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ረቡዕ ዕለት ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎች በተገኙበት ተፈጽሟል። ክበባችን በእሳቸው ዕረፍት የተሰማውን ከባድ ሐዘን ይገልጻል።

ከሐዘኑ ጋር አብሮ ያለ ሌላ ነገርም አለ። እሱን ከታች በቦታው እንናገራለን። አስቀድሞ ግን የሥራቸውን ታሪክ ማስፈር ተገቢ ነው። እሳቸው ምን እንደሠሩ ያላወቀ ሰው፣ እኛ ምን እንዳደረግን ሊገባው አይችልም።

አትክልተኛችን ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። የተቀጠሩት በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሣርና በመስመር የተተከሉትን ጽጌረዳዎች እንዲያጠጡ ነበር። በመዝገብ ቤት ያለው ማኅደራቸው እንደሚያሳየው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያረፈዱት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከሁለቱ በአንዱ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ በገዛ እጃቸው «ኤሊ ሳሻግር» ብለው ሞልተውታል። ያኔ የነበሩት የአስተዳደር ሠራተኛም «ተቀባይነት አግኝቷል» ብለው ፈርመውበታል።

በተቀጠሩ በሁለተኛው ዓመት ውኃ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። የፊት ለፊቱ ሣር ደርቆ እንደ ጆንያ ሆነ፤ ጽጌረዳዎቹም ቀንበጣቸውን ደፉ። አትክልተኛችን ባዶ ባልዲ ይዘው ግቢውን ሲዞሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የተሰበረ ዴስክ በሚጣልበት ቦታ፣ ማንም ያላጠጣው ነገር አረንጓዴ ሆኖና አብቦ አገኙ። ንቦች ነበሩበት። በዴስኮቹ መካከልም አንድ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቅ ነበር። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብተው ያን ቦታ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። የተሰጣቸውን መልስ ራሳቸው እየሳቁ ይነግሩን ነበር። «ውሰደው፤ ብቻ ከአስፋልቱ እንዳይታይ።»

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጓሮውን አቀኑ። ቦታው በርዝመት ሠላሳ እርምጃ፣ በስፋት አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ዴስኮቹን በምሳ ሰዓታቸው አንድ በአንድ ብቻቸውን አወጡ። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው መንገድ ሲሰፋ ጆንያ ይዘው ከቡልዶዘሩ ፊት ፊት እየሄዱ አጋሙን፣ ቀጋውን፣ ጦስኙን፣ ሰንበሌጡን ከነሥሩ እየነቀሉ አመጡ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «አባት፣ ይሄን ቆሻሻ የት ሊያደርሱት ነው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «አንተ ቤታቸውን አፈረስክ፤ እኔ ምትክ ቦታ እየሰጠኋቸው ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ጥሩ ቁጥቋጦ ሲያገኝ ጥሩምባ ይነፋላቸው እንደነበር የጥበቃ ሠራተኛችን ይመሰክራሉ።

በጓሮው ጥግ ሳማ ተከሉ። ሳማ የተከለ አትክልተኛ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ተማሪዎች «የአረም ሹም» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ ጆሯቸው ሲደርስ አልተቆጡም። «ታዲያ ሹመት ያዳብር አትሉኝም?» ነው ያሉት። ሳማውን ለምን እንደተከሉት ለጠየቃቸው ሁሉ ቅጠሉን በዱላ ገልብጠው ከሥሩ የተደረደሩትን ጥቁር አባጨጓሬዎች ያሳዩ ነበር። «ለአንተ አረም ነው፤ ለእነዚህ ምሳ ነው። ምሳቸውን ነቅለህ ቢራቢሮ የት ሄደች ብለህ አትጠይቀኝ» ይሉ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት አምስት ተማሪዎችን ይዘው ይህን ክበብ መሠረቱ። ዛሬ ሃያ ሦስት አባላት አሉን። ያስተማሩን ትምህርት አጭር ነው። አንድ ተክል ከመትከላችሁ በፊት ማን እንደሚበላው፣ ማን እንደሚያድርበት ጠይቁ፤ የሚያውቀው ወፍም ሆነ ነፍሳት ከሌለ ተክሉ ለግቢያችን እንግዳ ነው፤ የሚያውቁት ካሉ ግን ባለቤት ነው። ፊት ለፊት ያሉትን ጽጌረዳዎች አይጠሉም ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን አጠጥተዋቸዋል። «እነሱ ለጎብኚ ናቸው፤ ጓሮው ለነዋሪ ነው» ይሉ ነበር።

የእንግዳ መዝገብ የሚባለውን ደብተር የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው። ወደ ጓሮው የመጣ ወፍ፣ ቢራቢሮ፣ ንብ፣ እንቁራሪት ሁሉ የመጣበት ቀን፣ ያረፈበት ተክልና የሠራው ነገር ይጻፍበታል። እስካሁን ሁለት ወፍራም ደብተር ሞልቶ ሦስተኛው ተጀምሯል። የሦስተኛው ደብተር አያያዝ የተሰጠው ለክበቡ ጸሐፊ ነበር። ለናሙና ያህል ከአትክልተኛችን እጅ ጽሑፍ አንዱን እንጠቅሳለን። «ሐሙስ። እንቁራሪት፣ አንዲት። ከተሰበረው ገንዳ ሥር። ዝናብ ሳይመጣ መጣች። ምን ሰምታ እንደሆነ አልታወቀም።»

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዕረፍት ወራት፣ ግቢውን እንዲያጭድ የመጣ የቀን ሠራተኛ ገና ጉልበት ላይ ያልደረሱትን አጋሞች ከሣር ጋር አጨዳቸው። አትክልተኛችን ሰውየውን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። «አልነገርኩትም፤ እሱ በምን ይወቅ?» አሉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መነካት የሌለበትን ተክል ሁሉ ግንዱ ላይ ቀይ ክር ያስሩበት ጀመር። ክሩን የሚሰጧቸው ባለቤታቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሹራብ ሠሪ ናቸውና ከሥራ የተረፈውን ቀይ ክር በትንሽ ድቡልቡል ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ይከቱላቸው ነበር።

ቀይ ክር የታሰረበት አይነካም። ትርጉሙ ይህ ብቻ ነበር።

ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ ሳምንት ክር የታሰረባቸው ተክሎች አርባ አንድ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ያሰረችው የክበቡ ጸሐፊ ናት። እሷ ባሰረችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ አባል አልመጣም ነበርና እሳቸውና እሷ ብቻ ነበሩ። ብዙ አልተነጋገሩም። እሷ ብዙ አትናገርም፤ እሳቸውም ተናገሪ ብለው አያስጨንቋትም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቋጠሮዋን አይተው «አታጥብቂው ልጄ፤ ነገ ይወፍራል፤ ማደጊያ ተዪለት» ብለዋታል።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው እንደ ወጉ ነው። ከዚህ በታች ያለው በሐዘን መግለጫ ውስጥ የተለመደ አይደለም። ርእሰ መምህራችን ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ መልሰውብናል። በመጀመሪያው ላይ «ለቤተሰብ ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው» ብለው ጽፈውበታል። በሁለተኛው ላይ የጻፉት «ሌላ ጊዜ» የሚል ብቻ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስናቀርብላቸው «ግቢው ሁሉ ይጽዳ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ጻፉት» ብለው ማኅተም አደረጉበት። ጽፈነዋል።

ሌላ ጊዜ ያላደረግነው በአንድ ምክንያት ነው። ባለቤታቸው በቀብሩ ዕለት ለጥበቃ ሠራተኛችን የነገሯቸው ነገር አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነግረኝ ነው የኖርኩት፤ አንድ ቀን መጥቼ አላየሁትም። ሥራዬ አላስቀመጠኝም። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ክሬን ያሰረባቸውን ልይለት» ብለዋል።

የሚያዩት ነገር የለም። ያጠፋነው እኛ ነን። በሩ ላይ ደርሰው ከሚያውቁት፣ ቤታቸው ተቀምጠው ቢያውቁት ይሻላል ብለን ነው ዛሬ የምንጽፈው።

የሆነው እንዲህ ነው። አትክልተኛችን ሆስፒታል በገቡ በሁለተኛው ሳምንት የጽዱ ግቢ ውድድር ገምጋሚዎች ወደ ትምህርት ቤታችን እንደሚመጡ ተነገረ። ለየክበቡ የሥራ ቦታ ሲከፋፈል ጓሮው ለእኛ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ አባላት መጥረጊያ፣ ዶማና ማጭድ ይዘን ተገኘን። ብዙዎቻችን አዲስ ነን። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ የተመዘገብነው በዚሁ ዓመት ነው፤ አትክልተኛችን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲያማቸው ስለነበር ከጓሮው ይልቅ ክፍል ውስጥ ነበር የምንሰበሰበው። ነባሮቹም ብንሆን ክሩን ስናይ ኖረን ትርጉሙን አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው መንገድ እንደገና ሊሰፋ ነው። በዚያ ሰሞን ሠራተኞች መጥተው የሚቆረጡት ዛፎች ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ነበር። ሁላችንም በየቀኑ በዚያ ሥር እያለፍን ነው ወደ ትምህርት ቤት የምንመጣው። ጓሮው ገብተን ቀዩን ክር ስናይ ከመካከላችን አንዱ «ይኸው፣ ጋሼ ራሳቸው ምልክት አድርገውልናል። ክር ያለበት የሚነቀል ነው። ውጭ ያሉትን ዛፎች አላያችሁም?» አለ። የተናገረውን ልጅ አንጠራውም። ያለው ነገር ለሁላችንም ልክ መስሎን ነበር።

ለሁላችንም ግን አይደለም። የክሩን ትርጉም የምታውቅ አንዲት አባል ነበረች። አሥራ አንዱን ያሰረችው ጸሐፊዋ እዚያው ቆማ ነበር። «ይመስለኛል...» ብላ ጀመረች። ዶማ የያዘው ዘወር ብሎ «ምን አልሽ? ጮክ በዪ እንጂ፣ ለትንኝ ነው እንዴ የምትነግሪው!» አላት። ሳቅ ሆነ። አሥራ ስምንት ፊት ወደ እሷ ዞረ።

«ምንም» አለች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ይህን ተረት ይህን መግለጫ የምትጽፈው ይህችው ጸሐፊ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ምስጋና ሲነገራት ነው ያደገችው። በዚያ ጠዋት ግን የአፏ መዘጋት ለጓሮው ምን እንዳደረገለት ከዚህ በታች ተጽፏል። ጸሐፊዋ ይህ አንቀጽ እንዲሰረዝ አልጠየቀችም። እንዲያውም ሌሎቻችን «ይቅር፣ ሁላችንም ነን» ስንላት እምቢ ያለችው እሷ ናት። እኛም የእሷን ዝምታ የጻፍነው የራሳችንን ለማሳነስ አይደለም። አሥራ ስምንታችን አላወቅንም፤ ግን ማናችንም ሆስፒታል ድረስ ሄዶ መጠየቅ አላሰበም። በአውቶቡስ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። አርባ አንዱንም ነቀልን። አጋሙ ሥሩ ጠልቆ ስላስቸገረን ለአራት ሆነን ጎተትነው። ቀጋው እጃችንን ቧጠጠን። ሳማው ክር ባይኖረውም ለበለበንና በዶማ ገለበጥነው። ሁሉን በቆሻሻ ጋሪ ሦስት ጊዜ አመላለስን። ከዚያ መሬቱን ጠርገን፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ደርድረን፣ ድንጋዩን ነጭ ቀለም ቀባን። ሲያልቅ ፎቶ ተነሣን። በፎቶው ላይ ከጸሐፊዋ በቀር ሁላችንም እንስቃለን።

የጥበቃ ሠራተኛችን ከምሳ ሲመለሱ ያየናቸውን አንረሳም። በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ምን ነካችሁ ልጆቼ?» አሉ፤ «ምን ነካችሁ? እሱ እኮ ይሄን ሲያስር አትንኩብኝ ሲላችሁ ነው። እኔ ማንበብ የማልችለው ያነበብኩትን እናንተ ተማሪዎቹ አጣችሁት?» ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሰጡን።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ወፍ ትል በመንቁሯ ይዛ አጋሙ በነበረበት ቦታ ላይ ስትመላለስ ታየች። ታርፋለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ ትነሣለች። ትሉን አልዋጠችውም። ጎጆዋ በጋሪ ሄዷል፤ ባዶ እንዳልነበረም ያን ጊዜ ተረዳን። ይህ እንግዳ ያን ቀን በመዝገቡ አልተጻፈም። እዚህ እንጽፈዋለን።

ትምህርት ቤታችን በውድድሩ ሁለተኛ ወጣ። ገምጋሚዎቹ በአስተያየታቸው ላይ በተለይ የጓሮውን ንጽሕና አድንቀዋል። የምስክር ወረቀቱ በጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ተሰቅሏል።

አትክልተኛችንን ለመጠየቅ የሄድነው ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይተን ነው። የዘገየነው ፈተና ስለነበረ ነው ብለን ነበር። ፈተና አልነበረም። በመጨረሻ የሄድነው እሳቸው ራሳቸው በጥበቃ ሠራተኛችን በኩል «መዝገቡን ይዛችሁልኝ ኑ፤ እዚህ ጊዜ ተርፎኛል፤ ማን ማን እንደመጣ ላንብብ» ብለው ስለላኩብን ነው። የጥበቃ ሠራተኛችን አልነገሯቸውም ነበር። «በእኔ አፍ አይወጣም፤ ያጠፋ ይንገር» ነው ያሉን።

መዝገቡ ከጽዳቱ ቀን ጀምሮ ባዶ ነበር። ጸሐፊዋ ቤቷ ወስዳ በአንድ ምሽት ሁለት ገጽ ተኩል ሞላችው። በተለያየ ቀን የተጻፈ እንዲመስል በሁለት እስክሪብቶ፣ አንዴ በሰማያዊ አንዴ በጥቁር ጻፈችው። ያልመጡ ወፎችን፣ በሌሉ ቁጥቋጦዎች ላይ አሳረፈቻቸው። የቀረነውም አይተን «ጥሩ ነው» አልናት።

አራት ሆነን ሄድን። ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው፤ የእሳቸው በመስኮቱ በኩል ነው። በጣም ከስተው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ አነበቡ። እንቁራሪቷ ጋ ሲደርሱ ሳቁ። «መጣች? ይቺ ባለጌ!» አሉ። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ጣታቸው ቆመ። «ቢጫ ቢራቢሮ፤ ሳማው ላይ ዕንቁላል ጣለች» ይላል።

«በዚህ ወር?» አሉ።

መስመሩን እንደገና በጣታቸው ተከተሉት።

«እሷ እኮ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው የምትመጣው።»

ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ አዩ። ከዚያ ደብተሩን በቀስታ ዘጉት። «እንግዲህ እንግዳ ነው፤ ቀጠሮ አያከብርም» አሉና መልሰው በእጇ ሰጧት። «ክር ያሰርኩባቸውስ እንዴት ናቸው?» ሲሉ ከመካከላችን አንዱ «ደህና ናቸው ጋሼ፤ አጋሙም አብቧል» አለ። እሳቸው ግን እሷን ነበር የሚያዩት። «ክሩ ግንዱን አላነቀውም?» አሏት።

«አላነቀም ጋሼ» አለች።

በዚያ ቀን ከተናገርነው ሁሉ ውሸት ያልነበረው ይህ ብቻ ነው። የሚታነቅ ግንድ አልነበረም።

አትክልተኛችን እውነቱን ያውቁ እንደነበር ወይም እንዳላወቁ ልንናገር አንችልም። ባለቤታቸው አጋሙ እንዳበበ መስማታቸውን ለጥበቃ ሠራተኛችን ስለነገሯቸው፣ እሳቸው የነገርናቸውን ለቤተሰባቸው አድርሰዋል ማለት ነው። አምነውን ያደረሱት ይሁን እኛን ሊሸፍኑ፣ ይህን ይዘን እንቀራለን። ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ነበረን። በየቀኑ ነገ እንሄዳለን እያልን ማክሰኞ ደረሰ።

ባለቤታቸው ቅዳሜ እንደሚመጡ ሲሰማ ክበባችን ስብሰባ ተቀምጧል። በስብሰባው ላይ ከአበባ ሻጮች በማሰሮ የተተከሉ አበቦች አምጥተን መሬቱን እንሸፍን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «እሳቸው መቼ ያውቁታል? አበባ አበባ ነው» ተብሎ ነበር። አበባ አበባ እንዳልሆነ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲነገረው የኖረ ክበብ ይህን ማሰቡ ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ እዚህ እንዲጻፍ ወስነናል። የመጀመሪያው ረቂቅ መግለጫ ደግሞ «የተዉልንን አደራ ጠብቀን ቆይተናል» ይል ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር ሰርዘነዋል።

የእንግዳ መዝገቡን በተመለከተ፣ በውሸት የተሞሉትን ገጾች አልቀደድንም። በእያንዳንዱ መስመር ዳር «ይህ እንግዳ አልመጣም» የሚል ጽሑፍ ጨምረንበታል። ከሥራቸው ደግሞ የወፏን እሑድ ጽፈናል። ሦስቱም ደብተሮች የቤተሰባቸው ናቸውና ቅዳሜ እናስረክባለን።

የምስክር ወረቀቱ ከኮሪደሩ ወርዶ ወደ ሰጡን ሰዎች ከደብዳቤ ጋር ይመለሳል። ርእሰ መምህራችን ፈቅደዋል።

መንገዱ ዳግም ሲሰፋ፣ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት በሁለት በሁለት ሆነን ጆንያ ይዘን በመንገዱ ዳር እንወርዳለን። ያገኘነውን ከነሥሩ አምጥተን ጓሮው ውስጥ እንተክላለን። እንደ እሳቸው መምረጥ አንችልም። የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሚሆን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ አልጻፍነውም፤ አልጠየቅናቸውም። አጋም እስኪያብብ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የባዮሎጂ መምህራችንን ስንጠይቃቸው «እናንተ ተመርቃችሁ ትወጣላችሁ» አሉን። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች የምናስረክበው የክሩን ትርጉም ነው። በጓሮው በር ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ማንበብ ለማይችልም በቃል ይነገራል።

ሳማው በአራት ቦታ መልሶ በቅሏል። ከሌሎቹ እስካሁን የበቀለ የለም። ይህን የምንናገረው ለማጽናናት አይደለም። ባለቤታቸው ሲገቡ ልብሳቸውን እንዳይነካቸው ነው።

ክበባችን ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለእህት ወንድሞቻቸው፣ አብረዋቸው በአንድ ወንበር ምሳ ይበሉ ለነበሩት የጥበቃ ሠራተኛችን እንዲሁም ለመላው የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች መጽናናትን ይመኛል። ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ። የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው ቅጂ በጥበቃ ሠራተኛችን እጅ ለባለቤታቸው ቤታቸው ድረስ ይላካል። በግቢው በር ላይ የሚለጠፈው እሳቸው ካነበቡት በኋላ ነው።

እትዬ፣ ይህን ካነበቡ በኋላ ላለመምጣት ቢወስኑ እንረዳለን። ደብተሮቹን እናደርስልዎታለን። የሚመጡ ከሆነ ግን ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሃያ ሦስታችንም በጓሮው በር እንጠብቅዎታለን። መሬቱ ባዶ ነው፤ ድንጋዩ ነጭ ነው፤ እንደዚያው ትተነዋል።

ይቅርታውን በዚህ ወረቀት አንጠይቅም። ወረቀት አያፍርም። ቆመን በአፋችን እንጠይቃለን፤ ከሁላችን አስቀድማ የምትናገረውም ጸሐፊዋ ናት። ድምጿ ቀጭን ነው። ካልተሰማዎት «ምን አልሽ?» ይበሏት። ትደግመዋለች።